ከሰማዩ ሥር ያሉት እጆች

ሞጆ ከተማ፣ ረፋድ ላይ፣ ግድግዳው በፕላኔትና በከዋክብት ሥዕል በተሞላ ፎቶ ቤት ውስጥ፤ ባለቤቱ መርዕድ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጧል፣ ወይዘሮ ዝናሽ በፌስታል የጠቀለሉትን የልጃቸውን ፎቶ ይዘው ቆመዋል።

ዝናሽ፦ ፋቀው አልኩህ! ሰማዩን ፋቀውና ከሥሩ ያለውን አውጣልኝ። ምኑ ነው ያልገባህ?

መርዕድ፦ እትዬ ዝናሽ፣ ይሄ እኮ ግድግዳ አይደለም። ስለፋቁት የድሮው ቀለም ብቅ አይልም።

ዝናሽ፦ አንተ አይደለህ የቀባኸው? የቀባ ሰው መፋቅ ያቅተዋል?

መርዕድ፦ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ። ይቀመጡ።

ዝናሽ፦ የት ልቀመጥ? እዚህ ቤት ሰው የሚቀመጥበት ጠፍቷል። ያኛው ወንበር ላይ ጨረቃ ዘርግተሃል፣ ይሄኛው ላይ ደግሞ ያ ባለ ቀለበቱ ተኝቷል። ማን ነበር ስሙ?

መርዕድ፦ ሳተርን። ቆይ ላንሳልዎት፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ለቅዳሜ ሙሽሮች ነው። ቀለበቱ ላይ ቁጭ አድርገህ አንሳን ብለውኛል።

ዝናሽ፦ ወይ ጉድ! መሬት ሞልቶ ተርፎ! የዚህ ከተማ ሰው አንተ ቤት ከገባ በእግሩ አይወጣም ማለት ነው። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ልነሳ ብዬ ብመጣ ማርስ ላይ ታቆመኝ ይሆናል።

መርዕድ፦ ኧረ ጉርድ ፎቶ ነጭ ግድግዳ ላይ ነው፣ አይስጉ።

ዝናሽ፦ አትሳቅ። ለሳቅ አልመጣሁም። ይኸው፣ እየው።

መርዕድ፦ እስቲ... ይሄማ የእኔ ሥራ ነው! ሲፈን አይደለች? ሰባት ወሯ ላይ? እንዴት እንደምወደው ይሄን ፎቶ! ከሠራኋቸው ሁሉ... ውይ! ምን ሆኖ ነው የተበሳው?

ዝናሽ፦ በምላጭ ነው። ራሷ ናት። ትናንት ከግድግዳው ላይ አውርዳ፣ ከፍሬሙ አውጥታ፣ እጇ ጋ ያለውን ቦርቡራ ቆረጠችው።

መርዕድ፦ ለምን?

ዝናሽ፦ ልጅን ለምን ይሉታል? ገረፍኳት። እስካሁን አላናገረችኝም። ዛሬ ቁርሷን እንኳ ሳትነካ ነው ትምህርት ቤት የሄደችው። ቦርሳዋን ልያዝልሽ ብላት ነጠቀችኝ።

መርዕድ፦ በቃ ለዚህ ከሆነ አይጨነቁ። ያለቀው ፎቶ ኮምፒዩተሬ ውስጥ አለ። አሁኑኑ አትሜ፣ ፍሬሙን በነፃ ጨምሬ...

ዝናሽ፦ ይሄንንማ አልፈልገውም! አንድ ሺህ ብታትምልኝ ምን ይሠራልኛል? እኔ የምፈልገው የፊተኛውን ነው። ሰማይ ሳታስገባበት በፊት የነበረውን። የአባቷ እጅ ያለበትን።

መርዕድ፦ የጋሽ ገዛኸኝ እጅ።

ዝናሽ፦ ታስታውሳለህ አይደል? ልጅቷ ያን ጊዜ ራሷን ችላ አትቀመጥም ነበር። ብርጩማውን ጥቁር ጨርቅ አለበስከው፣ እሱ ከጨርቁ ሥር ገብቶ በርከክ አለና እጆቹን ብቻ አውጥቶ ከኋላዋ ደገፋት።

መርዕድ፦ እንዴት እረሳለሁ? «ፊቴ የማይታይ ከሆነ እሺ» ነበር ያለኝ። ካሜራ ሲያይ የሚሸሽ ሰው! ጨርቁ ውስጥ አቧራ ገባበትና አስነጠሰው፣ ልጅቷ ደግሞ በሳቅ ፈነዳች። ያን ጊዜ ነው ያነሳኋት። ሳቋ የመጣው ከእሱ ማስነጠስ ነው።

ዝናሽ፦ ይኸው! ሁሉን ታውቀዋለህ። ከሦስት ወር በኋላ የከባድ መኪና ጎማ ሲነፋ ፈንድቶ ገደለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጎሚስታ ሆኖ ሠርቶ፣ ያው ጎማ ገደለው። ከልጁ ጋር የተነሳው ይሄ ብቻ ነው።

መርዕድ፦ ሌላ የለም? በስልክ እንኳ?

ዝናሽ፦ የእኔ ስልክ ያን ጊዜ ፎቶ ታነሳ ነበር እንዴ? የመታወቂያው አለ። እሱም ቢሆን ደንግጦ የተነሳው ነው፣ በግ ሰርቆ የተያዘ ነው የሚመስለው። «አባትሽ ይሄ ነው» ብዬ አሳየኋት። አየችው፣ አየችውና «እኔስ የታለሁ?» አለችኝ።

መርዕድ፦ አሁን ስንት ዓመቷ ነው?

ዝናሽ፦ ስምንት። ሁለተኛ ክፍል ናት። አንዷ የክፍሏ ልጅ ቤት መጥታ ይሄን ፎቶ አይታ ሄደች። በነጋታው ትምህርት ቤት «ሲፈን አባት የላትም፣ ከሰማይ ነው የወደቀችው» ብላ አወራችባት። እውነቷን ነው እኮ! እስቲ እየው። ጥቁር ሰማይ፣ ዙሪያውን ኮከብ፣ ልጄ መሐሉ ላይ ማንም ሳይዛት ተንሳፍፋለች። «እማዬ፣ እዚህ ላይ ማን ነው የያዘኝ? ለምን አልወደቅኩም?» ትለኛለች። «አባትሽ ነዋ የያዘሽ» እላታለሁ። «የታለ?» ትለኛለች። የታለ ልበላት? እስቲ አንተ ንገረኝ!

መርዕድ፦ ምን አሏት?

ዝናሽ፦ «ከሰማዩ ሥር ነው ያለው። የፎቶ ቤቱ ሰውዬ በላዩ ቀብቶበት ነው እንጂ እጆቹ እዚያው ናቸው» አልኳት። አሁን አውጣልኝና ውሸታም አልሁን።

መርዕድ፦ እትዬ ዝናሽ... የለም።

ዝናሽ፦ ምኑ?

መርዕድ፦ ጥሬው ፎቶ። እጆቹ ያሉበት። ዲሊት አድርጌዋለሁ።

ዝናሽ፦ ምን ማለት ነው? አማርኛ አውራኝ።

መርዕድ፦ አጥፍቼዋለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ኮምፒዩተሬ ሞላብኝ። ሰው የወሰደውን፣ ያለቀለትን ፎቶ አስቀረሁና ጥሬ ጥሬውን ሁሉ ጠራርጌ አጠፋሁት። ማን ይጠይቀኛል ብዬ።

ዝናሽ፦ በምን ሞላብህ? በሠርግ?

መርዕድ፦ በሠርግ አይደለም።

ዝናሽ፦ ታዲያ በምን?

መርዕድ፦ በእነዚህ ነው። ግድግዳው ላይ ባሉት። ተመራማሪዎች በትልልቅ ቴሌስኮፕ የሚያነሷቸው የጠፈር ፎቶዎች ናቸው። ለማንም ሰው በነፃ ይለቋቸዋል። እኔ አወርዳቸዋለሁ፣ እነሱን እያየሁ ነው የምስለው። አንዷ ብቻ የአንድ ሠርግ ሙሉ ፎቶ ያህል ቦታ ትፈጃለች።

ዝናሽ፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ይግባኝ። የባሌን እጅ አውጥተህ ጥለህ በቦታው ኮከብ አስገባህበት?

መርዕድ፦ እንደዚያ ሲሉት...

ዝናሽ፦ እንዴት ልበለው ታዲያ?

መርዕድ፦ አይ፣ ልክ ነዎት። እንደዚያው ነው።

ዝናሽ፦ ያ ቀዩ ምንድን ነው? ያ የተበተነ በርበሬ የሚመስለው?

መርዕድ፦ ኔቡላ ይባላል። የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ኮከብ የሚወለደው ከዚያ ውስጥ ነው።

ዝናሽ፦ ሩቅ ነው?

መርዕድ፦ ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ ከሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ዝናሽ፦ የገዛኸኝ ጎሚስታ ቤት ከጤና ጣቢያው ጀርባ ነበር። በባጃጅ ሦስት ደቂቃ።

መርዕድ፦ አውቃለሁ።

ዝናሽ፦ ታዲያ ሰው ሦስት ደቂቃ ያለውን ጥሎ የሺህ ዓመቱን ያስቀምጣል? አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ? አዳማ የጠፋ ፎቶ የሚያወጣ ልጅ አለ ይባላል። ኮምፒዩተሩን ስጠኝና አሁኑኑ ተሸክሜው ልሂድ።

መርዕድ፦ ለሌላ ደንበኛ ብዬ ሞክሬዋለሁ፣ እዚያው ልጅ ጋ ወስጄ። የጠፋ ነገር የሚወጣው በላዩ ላይ ሌላ ካልተጻፈበት ነው። እኔ ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ ስጭንበት ነው የኖርኩት። በጋሽ ገዛኸኝ ላይ ስንት ጋላክሲ እንደተኛበት እግዜር ነው የሚያውቀው።

ዝናሽ፦ ኧረ እግዜርን ተወው፣ እሱ አላጠፋም።

መርዕድ፦ እግዜርንማ መች ወቀስኩ፣ እትዬ ዝናሽ! ማጥፋቴን አልካድኩም። ይስደቡኝ። ቢመቱኝም አልቀየምም።

ዝናሽ፦ ብመታህ እጁ ይወጣል? ... ይሄ የደመናው ቀይነት ግን እውነት ነው? እዚያ ያለው እንደዚህ ይቀላል?

መርዕድ፦ እውነቱን ልንገርዎት? ከቴሌስኮፑ ሲመጣ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለሙን የሚሰጡት ሰዎች ናቸው፣ ይሄኛው ጋዝ ቀይ ይሁን፣ ያኛው ሰማያዊ ይሁን ብለው። እኔ ደግሞ ከዚያ ላይ የራሴን እጨምራለሁ። ማንም ያልረገጠው ፕላኔት ላይ ወንዝ አፈሳለሁ፣ ባንድ ሰማይ ላይ ሁለት ፀሐይ አወጣለሁ።

ዝናሽ፦ ማንም ሳያየው?

መርዕድ፦ ማንም ሳያየው።

ዝናሽ፦ እንግዲያው የገዛኸኝን እጅ ሳልልኝ። በሞቴ! ማንም ያላየውን የሚስል ሰው፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያየሁትን እጅ መሳል ያቅተዋል?

መርዕድ፦ ያቅተዋል።

ዝናሽ፦ ለምን ሲባል?

መርዕድ፦ ፕላኔቱን ብሳሳት ማን ያርመኛል? ሄዶ ያየው የለ። ይሄኛውን ብሳሳት ግን እርስዎ አሉ። ልጅቷ አለች። የማንንም እጅ ስዬ «አባትሽ ነው» ብላት፣ ዕድሜ ልኳን የሌላ ሰው እጅ ስታይ ትኖራለች።

ዝናሽ፦ አትሳሳትም። እኔ እነግርሃለሁ። እርሳስ አንሳ። አንሳ እንጂ!

መርዕድ፦ እሺ፣ ይኸው። ይንገሩኝ።

ዝናሽ፦ እጁ ትልቅ ነው። ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው። ጥቋቁር፣ ግሪስ የገባባቸው። የአውራ ጣቱ ጥፍር የተሰነጠቀ ነው፣ መዶሻ መቶት።

መርዕድ፦ የግራው ነው የቀኙ?

ዝናሽ፦ የቀኙ። ... ቆይ። መዶሻ የሚይዘው በቀኙ ነው፣ ስለዚህ የሚመታው ግራው ነው። አይ፣ ግን ስንበላ ትታየኝ ነበር፣ ትዘገንነኝ ነበር። የምንበላው በቀኝ ነው። ስለዚህ ቀኙ ነው። አይደለም? ወይስ ብርጭቆ ሲያነሳ ነው የምትታየኝ? በግራው ነው መሰለኝ ብርጭቆ የሚያነሳው...

መርዕድ፦ አይቸኩሉ።

ዝናሽ፦ ጠፋብኝ! እናንተ ሰዎች፣ እንዴት ይጠፋብኛል? አሥራ አንድ ዓመት ባንድ መሶብ በልቼ! ፊቱ ይታየኛል፣ ሲያስል ድምፁ ይሰማኛል፣ እጁ ግን... ቅድም እቤት ሳለሁ ነበረ እኮ። ስመጣ መንገድ ላይ ነበረ።

መርዕድ፦ ግራው ነው።

ዝናሽ፦ ምኑ?

መርዕድ፦ የተሰነጠቀው። የግራው አውራ ጣት ነው፣ ከጥፍሩ ሥር ወደ ጎን። የቀኙ የመሐል ጣት ላይ ደግሞ የቃጠሎ ጠባሳ ነበረው፣ የምስር ፍሬ ያህል።

ዝናሽ፦ አንተ በምን አወቅህ?

መርዕድ፦ ያጠፋሁት እኔ ነኛ። እጅ በአንዴ አይጠፋም፣ አንድ በአንድ ነው። አጉልቼ፣ አጉልቼ፣ እያንዳንዷን ጣት ከሥሯ እስከ ጥፍሯ። ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። የጋሽ ገዛኸኝን እጅ እንደኔ ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ዝናሽ፦ አየህና አጠፋኸው! እንደዚያ አድርገህ አይተህ አጠፋኸው! እጅ ነው እኮ፣ ቆሻሻ ነው እንዴ? ማን አጥፋው አለህ?

መርዕድ፦ ይተዉት።

ዝናሽ፦ አልተውም። ማን አዘዘህ?

መርዕድ፦ እትዬ ዝናሽ፣ ይተዉት ስልዎት።

ዝናሽ፦ ተናገር!

መርዕድ፦ እርስዎ ነዎት።

ዝናሽ፦ እኔ?

መርዕድ፦ እዚሁ አሁን የቆሙበት ቦታ ላይ ነበሩ። ፎቶውን ስክሪኑ ላይ ሲያዩት «እነዚህን ጥቋቁር እጆች አጥፋልኝ፣ የልጄን ነጭ ቀሚስ አበላሹት» አሉኝ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ሰማይ የማስገባበት ሰበብ ስፈልግ ነበር።

ዝናሽ፦ እሱስ? እሱ ምን አለ?

መርዕድ፦ ሳቀ። «እውነቷን ነው» አለና እጁን ኪሱ ከተተ።

ዝናሽ፦ ኪሱ?

መርዕድ፦ እስክትወጡ ድረስ አላወጣውም። ልጅቷንም እርስዎ ነበሩ ያቀፏት።

ዝናሽ፦ ወይኔ! ወይኔ ዝናሽ! ቤት ሳይገባ ደጅ ቆሞ በኦሞና በአሸዋ ሲፈትግ ያመሽ ነበር እኮ። ቆዳው እስኪላጥ። ልጅቷን በዚህ እጅህ አትንካት እያልኩት። ግሪስ መቼ ይለቃል? አይለቅም! ሞኝ ነኝ፣ የግሪስ ነገር ያልገባኝ ሞኝ!

መርዕድ፦ ያን ጊዜ ማን አወቀ? ሦስት ወር ብቻ እንደቀረው ማን ያውቅ ነበር?

ዝናሽ፦ አታባብለኝ! እኔ አጥፋ አልኩ፣ አንተ አጠፋህ። አሁን ተፋጠን ብንውል ምን እናመጣለን? ... የሳልከውን እስቲ አሳየኝ።

መርዕድ፦ አልጨረስኩትም።

ዝናሽ፦ አሳየኝ ስልህ። ... እጅ ነው።

መርዕድ፦ አዎ።

ዝናሽ፦ ስንጥቁም አለ፣ ጠባሳውም አለ። ሁሉም ነገር አለ። እሱ ግን አይደለም።

መርዕድ፦ አይደለም። አውቃለሁ። ብደግመውም ያው ነው። ሰማይ ላይ ቢሆን ማንም አያውቅብኝም ነበር።

ዝናሽ፦ ስጠኝ ፎቶውን፣ ልሂድ። የተበሳውን መልሼ እሰቅለዋለሁ። «የለም፣ ጠፍቷል» እላታለሁ። ምን ትሆናለች? ሌላም ብዙ ነገር ጠፍቶብናል።

መርዕድ፦ አንድ ያላጠፋሁት ነገር አለ።

ዝናሽ፦ ምን?

መርዕድ፦ ይምጡ፣ ስክሪኑን ይዩ። ይሄ ያለቀው ነው፣ እቤትዎ ያለው ራሱ። ቀኝ እጇን ይዩት፣ ጭብጧን።

ዝናሽ፦ ኮከብ ይዛለች። ያቺው ናት፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ኮከብ የጨበጠች ልጅ» እያለ የሚያደንቃት።

መርዕድ፦ ኮከብ አይደለችም።

ዝናሽ፦ ታዲያ ምንድን ናት?

መርዕድ፦ የአባቷ ትንሽ ጣት ናት። እሱ ሲያስነጥስ ልጅቷ ስትስቅ፣ ትንሽ ጣቱን ይዛ ጨመቀችው። ሌሎቹን ሁሉ አወጣኋቸው፣ ይቺን ግን ከጭብጧ ውስጥ ማውጣት አቃተኝ። እሷን ሳጠፋ የልጅቷ ጣቶች አብረው ይጠፋሉ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ አልለቅ አለች። መጨረሻ ላይ ተውኩና በላይዋ ብርሃን አለበስኳት። ለማንም አልተናገርኩም።

ዝናሽ፦ እና ከሥሯ ጣቱ አለ?

መርዕድ፦ ብፍቃት አትወጣም፣ ቀለሙ አንድ ላይ ሆኗል። ቅርጿ ግን የእሱ ነው። ጫፏ ወደ ታች ጎበጥ ያለችው፣ ያቺ ጥፍሩ ናት። በዚህ ሁሉ ሰማይ ውስጥ እኔ ያልፈጠርኳት እሷን ብቻ ነው።

ዝናሽ፦ መርዕድ።

መርዕድ፦ አቤት።

ዝናሽ፦ ልጅቷ የቆረጠችው እሷን ነው።

መርዕድ፦ አይቻለሁ። ቅድም የደነገጥኩት ለዚያ ነው። ቁራጯ የታለች?

ዝናሽ፦ ትናንት ከገበያ ስገባ ምላጩ መሬት ላይ ወድቋል፣ ፎቶው ተበስቷል፣ እሷ ጭብጧን ደረቷ ላይ አድርጋ ጥግ ላይ ቁጭ ብላለች። «ምን ሆነሽ ነው ያበላሸሽው?» ብላት «አባቢን አገኘሁት» አለችኝ።

መርዕድ፦ አባቢን?

ዝናሽ፦ «አንቺ እሱ ነው የያዘሽ አላልሽኝም? እሱ እኔን ከያዘኝ፣ እኔ የያዝኩት እሱን ነዋ» አለች። ሳቅ እያለች። የምትቀልድብኝ መሰለኝ። አንድ ያለኝን ፎቶ ቆርጣ የምትቀልድብኝ መሰለኝ።

መርዕድ፦ እትዬ ዝናሽ፣ አይዞዎት። ኮምፒዩተሩ ውስጥ አለች እኮ። አሁን አትሜ እሰጥዎታለሁ፣ ማታ ስትገባ እጇ ላይ ያድርጉላት።

ዝናሽ፦ አትመው። ግን የምትሰጣት አንተ ነህ። ከትምህርት ቤት ይዣት እመጣለሁ፣ አንተ ንገራት።

መርዕድ፦ እናቷ እያሉ እኔ?

ዝናሽ፦ «አልሰጥሽም፣ እሱ ነው» ብላ ጭብጧን ስትዘጋብኝ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ቁራጯን የሚነድ ከሰል ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ።